ወለሉ ነው

«ወለሉ ነው!» አለ አናጢው፣ ጠረጴዛው በክርኑ ሥር ገጭ ሲልበት። ከብርጭቆው ውሃ ፈሰሰ።

ልጁ ክው አለች። አባቷ ይህን ቤት ሲረግጥ ገና የመጀመሪያው ነው። ሳያማክሩት ተጋቡ ብሎ ዓመት ሙሉ አኩርፎ ከርሞ፣ ዛሬ በገዛ እጁ የሠራውን ጠረጴዛ በጋሪ አስጭኖ ከች አለ። ጠረጴዛው ለዕርቅ ነው፤ አፉ ግን ገና አልታረቀም። አማቹን የሚያናግረው በእሷ በኩል ነው። ሰውየው አጠገቡ ቆሞ እያለ «ባልሽን ውሃ ያምጣልኝ በይው» ይላታል። የባሰው ደግሞ፣ ባሏ ግንበኛ ነው። ይህን ወለል፣ ሴራሚኩን አንድ በአንድ የደረደረው እሱ ራሱ ነው።

«አባዬ፣ እስቲ እናዙረው» አለች።

አጭር የመሰላትን እግር በጠመኔ ምልክት አደረገችበትና ከባሏ ጋር ጠረጴዛውን አዞሩት። አናጢው ተደገፈው። ገጭ! ብድግ ያለው ያው ጠመኔ የነካው እግር ነው።

«አየህ አይደል?»

«አየሁ እንጂ! እዚህም ጋ ሰምጧል።»

እንደገና አዞሩት፤ ገጭ። መኝታ ቤት ወሰዱት፤ ገጭ። ኮሪደሩ ላይ አቆሙት፤ እዚያም ያው። ጠመኔ የነካው እግር በሄዱበት ሁሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የአናጢው ፊት ግን ጭራሽ እየበራ ሄደ።

«ጉድ እኮ ነው! ቤቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው ያበላሸው። ቢያንስ ሥራህ ወጥ ነው በይው።»

ሳቋ መጣ፤ የባሏን ፊት ስታይ ግን ዋጠችው። ባሏ ሄዶ የወለል ዝንባሌ የሚለካበትን ውሃ ልክ አመጣና ወለሉ ላይ አጋደመው። በውስጡ ያለችው የአየር አረፋ እመሃል ላይ ቁጭ አለች፤ ወዲህም ወዲያም አላለች።

«ውሃ ልኩ ተበላሽቷል በይው» አለ አናጢው። «የዘንድሮ ዕቃ ምኑ ይታመናል!»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ያንተው ነው። ሳገባ ከሳጥንህ ሰርቄ ያመጣሁት።»

«እንግዲያው ስትሰርቂው ጥለሽዋል።»

ባሏ አፉን ሊከፍት ሲል አየችውና በሆዷ «ኧረ በናትህ!» አለች። አንዲት ክፉ ቃል ከወጣችው አባቷ ኮፍያውን አንስቶ ይሄዳል። ዛሬ ከሄደ ደግሞ እንኳን ለዓመት በዓል፣ ብትወልድም አይመጣም። ታውቀዋለች።

«ልክ ነዎት ጋሼ» አለ ባሏ በረጅሙ ተንፍሶ። «ወለሉን ትንሽ ከፍ ላድርገው።»

ጠረጴዛውን ወደ ሳሎን መልሰው አስቀመጡት። ካርቶን ቀደደ፣ አጠፈና ጠመኔ በነካው እግር ሥር ሸጎጠው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

አናጢው በክርኑ ጫን አለው። ንቅንቅ የለም። በዚህ ደስ ሊለው ሲገባ ቅር አለው።

«ቆይ፣ ምን ያህል እንደሰመጠ ልየው» ብሎ ተንበረከከና ከጠረጴዛው ሥር ገባ።

የሚታየው የጫማው ሶል ብቻ ነው። ካርቶኑን መዞ ሲያወጣ፣ አንዱን እግር ዳብሶ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ይሰማቸዋል። ቆየ። በጣም ቆየ። ባልና ሚስት ተያዩ። ድሮ ይህ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የጣውላ ጥመት ከሩቅ ይለይ ነበር። መነጽር ከታዘዘለት ወዲህ ግን ለሌላ ሰው የታዘዘ ይመስል ከደረት ኪሱ አውጥቶት አያውቅም።

በመጨረሻ እያቃሰተ ወጣ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው፤ ማውለቁን ረስቶታል። እሷም አየች፣ ባሏም አየ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ።

«ያልኩት ነው» አለ ጉልበቱን እያራገፈ። «ወለሉ ነው።»

«እሺ አባዬ።»

«ግን ወለል ተሸክመው ወርክሾፕ አይወስዱት።» ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልጁን አልፎ ቀጥ ብሎ አማቹን አየው። «አንተ፣ ቅዳሜ ጠረጴዛውን ይዘህልኝ ና። ራስህ ና ደግሞ፣ ሰው እንዳትልክ። ምሳ አብረን እንበላለን።»