ከውጭ አያሳይም

ከኦምዱርማን ወንዝ ማዶ፣ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር የምሠራበት ቤት የምድር ቤቱ መስኮት ሙቀት የሚከላከል ስቲከር ተለጥፎበታል። ከውጭ ለሚያየው ሰው መስታወት ነው፤ ከውስጥ ግን መንገዱን ሁሉ ያሳያል። በየቀኑ ቀትር ላይ ቶብ የሚሉትን ረጅም ጥቁር ልብስ የተከናነበች ሴት እዚያ ቆማ ፊቷን እያየች ክንብንቧን ታስተካክላለች። እኔም የሚያናግረኝ ሰው ስለሌለ አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ምላሴን አወጣባታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ገብረየስ የሚባል ያገሬ ልጅ መጥቶ የላይኞቹ ፎቆች መስኮቶች ላይም ያንኑ ስቲከር ለጥፎ ጨረሰ።

«ይሄም ከውጭ አያሳይም አይደል?» አልኩት።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማን ሊያይሽ ነው እህቴ?» ብሎ ሳቀ። «ያላ፣ እስኪደርቅ እንዳትነኪው።»

እሱን ሸኝታ ማዳም እንደ ልማዷ በሩን ከውጭ ቆልፋብኝ ኦምዱርማን ሄደች።

ቀትር ላይ ሴትየዋን ምድር ቤት ጠበቅኳት፤ አልመጣችም። ዛሬስ ቀረች ብዬ ወለሉን ልወለውል ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የዚያ ክፍል መስኮት በረንዳ የለውም፤ ከሥሩ ቀጥ ያለ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሴትየዋ ከመስኮቱ ውጭ ጥቁር ቶቧን እያስተካከለች ነበር። ስትጨርስ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈችና ምላሷን አወጣችብኝ።