የትንሿ ዳይኖሰር ሰሌዳ

የሙዚየሙ ተመራማሪ የመጨረሻውን ብሎን ሲፈታ የነሐሱ ሰሌዳ መዳፉ ላይ ወደቀ። ትንሿን ዳይኖሰር በሚስቱ ስም ከሰየማት ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ስም ተሸክሞ ከአጽሟ እግር ሥር የኖረ ሰሌዳ ነው። ሚስቱ ደግሞ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከኋላው ቆማለች። «ምን ባጠፋ ነው የምትነቅለኝ?» አለችው።

ወደ ትንሿ አጽም ዞረ። «አጥንቷን ቆርጠን በማይክሮስኮፕ አየነው። ዕድሜ እንደ ዛፍ ግንድ በቀለበት ይቆጠራል። ለካ ራሷን የቻለች ዝርያ አይደለችም፤ ገና ያላደገች ልጅ ናት።»

የሚስቱ ፊት በራ። «ልጅ ናት?» አለች ፀጉሯን እየነካካች። «እኔንም እኮ ሰው ሁሉ ዕድሜሽ አይታይም ይለኛል። የማን ልጅ ናት ታዲያ?»

ከጠዋት ጀምሮ የፈራው ይህንኑ ጥያቄ ነበር። በካቻቢቴው ጫፍ ወደ አዳራሹ ማዶ አመለከተ። እዚያ ጣሪያ ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ጥርሱ እንደ ጩቤ የተደረደረ አጽም ቆሟል። ልጃቸውን እንዲሰጡት ደጅ ሲጠና፣ ልባቸውን ለማራራት ብሎ በአማቱ፣ በሚስቱ እናት ስም የሰየመው ነው።

«ስታድግ… እሳቸውን ትሆናለች» አለ በሹክሹክታ።

ሚስቱ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር፣ አንድ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ፣ «እስቲ ድገመው!» አለችው።

አማቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊቱ የቆሙት ልክ እንዲህ ነበር። ተመራማሪው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ስለ ጥናቱ የቀረችው ትንሽ ጥርጣሬም ያኔ ለቀቀችው።