ከግድግዳው ጀርባ ቋንቋ ያስተማረቻት ሴት

«ይሄን ምርቃት ማነው ያስተማረሽ?»

እማማ ቆንጅት የልጅቷን እጅ ለቀቁ...

ራፋኤላ ደነገጠች። ያለችው አንዲት ምርቃት ብቻ ናት። በጌዴኦኛ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዝናብ ሜዳ ላይ አያግኝዎት» እንደማለት ነው።

ቡናው ጥላ ሥር የተቀመጡት የኮንጋ መንደር ሴቶች በሙሉ ወደ እሷ ዞሩ።

አንደኛዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«እንዲህ ብላ የምትመርቅ አንድ ሰው ብቻ ነበረች» አሉ እማማ ቆንጅት። «አልጋነሽ... አብሮ አደጌ። አምና አልቅሰን ሸኘናት።»

ራፋኤላን ላብ አጠመቃት።

ምክንያቱም ያስተማራትን ሰው ፊቱን አይታው አታውቅም...

ራፋኤላ ከብራዚል የመጣች ወጣት ሚስዮናዊት ናት። ዲላ ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም። አማርኛውን እንደምንም ይዛዋለች። ጌዴኦኛው ግን ምላሷን አስሮባት ነበር።

የተከራየችው አቶ ሽመክት የሚባል ሰው ግቢ ውስጥ፣ የኋላውን ክፍል ነው። ሽመክት የተከበረ ሰው ነው። የዕድሩ ዳኛ... የቤተክርስቲያን ሽማግሌ...

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ራፋኤላ በሯን ዘግታ ቃላቱን ጮክ ብላ ታጠናለች።

አንድ ቀን አንዱን ቃል አበላሸችው።

ከግድግዳው ጀርባ... ቀጭን የሴት ድምፅ ቃሉን አስተካክሎ ደገመው።



ፈራ ተባ እያለች እንደገና ሞከረች። ድምፁም እንደገና አረማት። ቀስ ብሎ... ለሕፃን እንደሚነገረው።

በማግስቱ ሽመክትን ጠየቀችው።

«ጋሽ ሽመክት፣ ከእኔ ክፍል ጀርባ ማን ነው ያለው?»

«ከጀርባ?» ሳቀ። «የቡና ጆንያ ነዋ! አይጥ ይሆናል የሰማሽው።»

«አይጥ ጌዴኦኛ ይናገራል?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ራፋኤላ... ሰው ከአገሩ ሲርቅ ብዙ ነገር ይሰማዋል። ጸልዪ።»

ሚስቱ ኤልቤቴል አጠገባቸው ልብስ እያሰጣች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ራፋኤላ ጸለየች። ድምፁ ግን አልሄደም።

ፈርታ ነበር። መብራት ሳታጠፋ ነበር የምትተኛው። ግን ገበያም ባጃጅም ላይ አፏን በከፈተች ቁጥር ሰው ይስቅባታል። የማይስቅባት ያ ድምፅ ብቻ ነው።

ስለዚህ እየፈራች ተማረች።

ድምፁም ሁልጊዜ ሲለያት ያቺኑ ምርቃት ይመርቃታል።

...

አሁን ኮንጋ ላይ፣ አብራት የመጣችው የቤተክርስቲያኗ ልጅ ሀሌሉያ ጠየቀች።

«እማማ፣ የት ነው የተቀበሩት?»

«መቃብሯንማ አላየንም ልጄ። ልጇ ነው 'አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዳ አረፈች፣ እዚያው ቀበርናት' ብሎ የመጣው። እኛም ልቅሶ ተቀመጥን።»

«ልጃቸው ማን ይባላል?»

«ሽመክት። ዲላ ነው ያለው።»

«ያከራየኝ ሰው ነው!» አለች ራፋኤላ።

ያወቀችውን ሁሉ ነገረቻቸው። እማማ ቆንጅት ተነሡና ጫማቸውን አደረጉ።

ዲላ ሲደርሱ ዝናብ ጀምሯል። ሽመክት ቤት የለም። ራፋኤላ ክፍሏን ከፈተችላቸው።

እማማ ቆንጅት ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት።

«አልጌ?»

መልሰው መታ መታ አደረጉት።

«አልጌ፣ እኔ ነኝ። ቆንጅት።»

ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ከዚያ... ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ድምፁ መጣ።

«ምነው ቆየሽ?»

ሀሌሉያ ጮኸች። እማማ ቆንጅት ግን ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አለቀሱ።

ዞር ሲሉ ኤልቤቴል በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ላይ ቁልፍ ይዛለች።

«እኔም ደከመኝ» አለች። «ውሰዱልኝ።»

በጓሮ በኩል ዞረው ቁልፉን ከፈቱት።

ሙት አልነበረም። መንፈስም አልነበረም።

እማማ አልጋነሽ ከጆንያዎቹ መሀል ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ናቸው፤ ፀጉራቸው ተሠርቷል። ብርሃኑ ግን ዓይናቸውን ወጋቸው።

ራፋኤላ በጌዴኦኛ ሰላም ስትላቸው ድምፅዋን ለዩት።

«አንቺ ነሽ ሕፃኗ?» አሉ በመገረም። «አፍሽን ፈታሽልኝ?»

ለካ ከግድግዳው ማዶ አፉን እየፈታ ያለ ልጅ መስሏቸው ነበር...

ሽመክት ሲመጣ ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። መካድ አልቻለም።

እናቱን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። አማርኛው ጠፋባቸው። አንዳንዴም ራቁታቸውን መንገድ ይወጡ ነበር። አዲስ አበባ ወስዶ ሐኪሙ «አይድንም» ሲለው፣ በድብቅ መልሶ አምጥቶ ቆለፈባቸው።

«ምን ላድርግ?» አለ መሬት መሬት እያየ። «እናቱ አበደች ከምባል... እናቱ ሞተች ብባል ቀለለኝ።»

«ብታብድስ?» አሉ እማማ ቆንጅት። «እኛ አልነበርን? ተራ ገብተን አንጠብቃትም ነበር? በሕይወት ያለች እናት ቀብረህ አስለቀስከን!»



እማማ አልጋነሽ ዛሬ ኮንጋ፣ ከአብሮ አደጋቸው ጋር ናቸው። መንደሩ በሙሉ ያውቃቸዋል፤ መንገድ ከሳቱ ያገኘ ሰው እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል።

ሽመክትም ከሽምግልናው ወርዷል። አሁን እሑድ እሑድ እየመጣ እግራቸው ሥር ይቀመጣል።

ባለፈው ፊቱን ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ... የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ሽመክት ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ሳመ።

ወዳጆቼ... የወላጅ ሕመም ነውር አይደለም። ነውሩ ሰውን በቁሙ መቅበር ነው። እናት ልጇ አፉን እስኪፈታ ስንት ዘመን ታግሣዋለች... እሷ ቃል ሲጠፋት ግን በር እንቆልፍባታለን።

እናንተ ብትሆኑ ሽመክትን ይቅር ትሉታላችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ ፀጉራቸውን እየሠራች ቁልፉን የያዘችውን ኤልቤቴልንስ ምን ትሏታላችሁ? ከልባችሁ ጻፉልኝ...