የሰከንድ አራት ሺህኛ

ካሜራውን ለአባቷ ከማቀበሏ በፊት ፎቶ የሚያነሳበትን ፍጥነት የሰከንድ አራት ሺህኛ ላይ አደረገችው። ከቆሙበት ጣሪያ ፊት ለፊት፣ በሁለት ሕንጻዎች መካከል አንድ አሞራ ዝቅ ብሎ ይዞር ነበር። አባቷ አርባ ዓመት ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ሲያነሳ የኖረ ባለሙያ ነው፤ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን የሚያነሳው ሁሉ እየደበዘዘ ይወጣ ነበር። ጠዋት፣ «የዛሬውም ከተበላሸ ካሜራውን ለሚፈልግ ስጪልኝ» ብሏታል። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቁጣ እንኳን አልነበረም፤ እሷን ያደከማትም ይኸው ቁጣ ማጣቱ ነው።

«ምነው እንዲህ አስሮጥሽው?» አለ፣ ቁጥሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ።

«ለክንፉ ነዋ አባዬ! አሞራ እንደ ሙሽሮችህ ቆሞ አይጠብቅህም።»

«የእኔ ሙሽሮች መቼ ቆመው ያውቃሉ? ግማሾቹ እኮ በር በሩን ነበር የሚያዩት።»

ካሜራውን አነሳ። የ«ቀጭ» ድምፁን ጠበቀች፤ አልመጣም።

«ስሚ፣ ይሄ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ተንሳፍፏል እንጂ አንዴም አላራገበም። ለሱ የሰከንድ አምስት መቶኛ ይተርፈዋል።» ዞር ብሎ አያት። «የእጄን መንቀጥቀጥ እንዲደብቅልኝ ነው አይደል?»

ባሕር ማዶ የተማረችው ሁሉ አንዲት የረባች ውሸት አላቀበላትም። መዋሸትም አቅም ይጠይቃል።

«አዎ» አለችው።

ካሜራውን የሚመልስላት መስሏት እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ፍጥነቱን ራሱ ወደ አምስት መቶኛ አወረደና ክንዷን ይዞ ፊቷን ወደ አሞራው አዞራት፤ ከኋላዋ ቆሞም ሌንሱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ።

«እንግዲህ» አላት፣ «እስክልሽ ድረስ እንዳትተነፍሺ።»