ሁለቱ ብልቃጦች

«ስጡታ! ይሄ ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል?» አሉ እናትየው፣ ከአግዳሚው ብድግ ብለው።

ተመራማሪዋ ግራ ገባት። የጠየቀቻቸው ልጃቸው ጠዋት ድንገተኛ ክፍል እንደገባ ስለተሰጠው፣ ገና በጥናት ላይ ስላለው የደም ማቆሚያ ነበር። ደሙ እየፈሰሰ ለመጣ ሰው ቤተሰብ እስኪገኝ አይጠበቅም፤ መጀመሪያ ይሰጣል፣ መረጃው ለጥናቱ እንዲውል ፈቃዱ በኋላ ይጠየቃል። ቢሞትም ይጠየቃል። መርዶውን ሐኪሙ ይናገራል፤ እሷ የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«መርፌ ሲያይ እኮ ይሮጣል» አሉ ሴትዮዋ ፈገግ ብለው። «ጉልበቱን አይተሽ እንዳትሸወጂ። ሳይነቃ ውጉት፣ የኔ ልጅ። ቁጣውን እኔ እችለዋለሁ።»

ልጃቸው ከሞተር ብስክሌቱ ሲወድቅ የወለቀውን አንድ እግር ጫማ ይዘዋል። የደረቀውን ጭቃ በጥፍራቸው ይፍቃሉ።

ያኔ ገባት። የነገራቸው የለም።

ቀዶ ሐኪሙ በዚህ በኩል ሲሮጥ አይታዋለች፤ ነግሯቸው የሚሄድ መስሏት ነበር። ሌላ ቁስለኛ መጥቶበት ኖሯል። የቀዶ ጥገናው ክፍል ቀይ መብራት በርቷል፤ ቶሎ አይወጣም። እሷ መርዶ ልትናገር አልተፈቀደላትም። ይቅርታ ብላ ብትሄድ፣ ሴትዮዋ ጭቃውን እየፋቁ ይጠብቃሉ።

«እማማ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ።»

«ምነው? ባሰበት እንዴ?»

አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጠዋት ሰጥተነው ነበር። ሐኪሞቹም ያልሞከሩት የለም። ደሙ እምቢ አለ። ልጅዎ አርፏል፣ እማማ።»

ጫማውን ዘንበል አድርገው ውስጡን አዩት። «ታዲያ ያ መድኃኒት ምን ሠራ?» አሉ።

ለጥናቱ ሁለት ዓይነት ብልቃጥ አለ፤ ለእያንዳንዱ ቁስለኛ አንዱ በዕጣ ይደርሰዋል። አንዱ ብልቃጥ መድኃኒቱን ይዟል፣ ሌላው ጨው ያለበት ውሃ። መልካቸው አንድ ነው፤ ጥናቱ እስኪያልቅ የወጋችው ነርስም አታውቅም። ይህን ለብዙ ቤተሰብ አስረድታለች።

«የተሰጠው መድኃኒቱ ይሁን ጨው ያለበት ውሃ አላውቅም» አለች።

«አታውቂም?»

«ማናችንም አናውቅም። ለሚመጡት የትኛው እንደሚሻል ለማየት ነው።»

«ለሚመጡት» አሉ እናትየው፣ ቀስ ብለው።

ስለ ፈቃዱ ደግማ አልጠየቀችም። አንዲት ነርስ መጥታ ስትጠራቸው፣ እናትየው ጫማውን ለተመራማሪዋ ሰጥተው ልጃቸውን ሊያዩ ገቡ።