የቤቴ አባወራ

«እንግዲህ መልሱን ከአባወራው እንስማ» ይላሉ ጋሽ ገብረ መድኅን።

እኔ ለስላሳ የደረደርኩበትን ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። የትኛው አባወራ ይሆን ብዬ ዞር ስል፣ ሦስቱም ሽማግሌዎች ልጄን ዳጊን ያያሉ።

ዳጊን! ዛሬ ጠዋት «ካልሲዬ የታለ» ብሎ የጮኸብኝን! ጢሙ ገና ሦስት ፀጉር ነው። አባቱ ከምድር ባቡር ሥራው ሲመለስ ያርፍበት የነበረው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ እሱም እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እኔ፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ሸጬ ያሳደግኩት፣ «እስቲ ቬንትሌተሩን ወደዚህ አዙሪልን» ተብያለሁ። አዙሬያለሁም።

ነገሩ የትልቋ ልጄ፣ የስምረት ነው። ባሏ ፍቅረ ማርያም መታት፤ አፏን በነጠላ ይዛ በባጃጅ ወደኔ መጣች። ዛሬ ሊወስዳት ሽማግሌ ይዞ መጥቷል። በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አንገት መድፋቱንስ ያውቅበታል! እሷ ጓዳው በር ላይ ናት። እስካሁን ቃሏን የጠየቃት አንድም ሰው የለም።

«ዳጊዬ» ይላሉ ጋሽ ገብረ መድኅን፣ «ባልና ሚስት መቼም ይጋጫል። ጥፋቱን አምኗል፤ ሁለተኛ አይለምደውም። አንተ በአባትህ ቦታ ሆነህ እሺ በለንና ይዘናት እንሂድ።»

ዳጊ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ድምፁን አወፍሮ እንደ አባቱ ሊናገር ይሞክራል፤ አንጀቴን ያሳረረው እሱ ነው።

«እንግዲህ… እናንተ ካላችሁ፣ ትመለስ።»

ስምረት ሻንጣዋን ልታነሳ ጎንበስ ትላለች።

ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እጥለዋለሁ ማለት ይቀላል። አንዱ ጠርሙስ ተንከባልሎ አልጋ ስር ይገባል።

«ተነስ» እለዋለሁ ዳጊን።

«እማዬ፣ ሰው ፊት…»

«ተነስ ከዚያ አልኩህ!»

ይነሳል። እቀመጥበታለሁ።

«አንቺ የኔነሽ» ይላሉ ጋሽ ገብረ መድኅን እየሳቁ፣ «ይሄ እኮ የወንድ ወግ ነው፤ ምን አደከመሽ?»

«ጋሼ፣ የወለቀው የወንድ ጥርስ ነው እንዴ? ስምረት፣ ሻንጣውን ተይው። ነይና አፍሽን ክፈቺ፤ ጋሼ ይዩልሽ።»

መጥታ ትከፍታለች። የፊት ሁለቱ የሉም። ድዷ ገና እንደ ጠቆረ ነው። አንዱ ሽማግሌ ስልኩን ይነካካል፣ ሌላው ጣራ ጣራውን ያያል።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?»

«አልፈልግም።» በክፍተቱ ነፋስ እየወጣ ነው የምትናገረው፤ ግን ያልሰማ የለም።

«በቃ። ሰማችሁ።»

ጋሽ ገብረ መድኅን እንዳልሰማ ሰው ብድግ ይላሉ። ሌሎቹም ይከተላሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው ሊመርቁ ነው። ሽማግሌ መርቆ ቤቱ አሜን ካለ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ እንቢ የምትል እሷ ናት ጥፋተኛዋ። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«ትዳራችሁን ይባርክ!»

«አሜን» ይላል ፍቅረ ማርያም፣ ብቻውን።

«ቤታችሁን በልጅ ይሙላው!»

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ይዣለሁ። ስምረትም ዝም። ዳጊ አፉን ከፈት ያደርጋል። እኔን ያያል። ከዚያ እህቱን ያያል፤ ያንን የጠቆረ ድድ። አፉን መልሶ ይገጥማል።

ጋሽ ገብረ መድኅን ሦስተኛውን ምርቃት ይጀምሩና መሀል ላይ ያቆማሉ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው። ላባቸው በክርናቸው ወርዶ ጠብ፣ ጠብ ይላል ወለሉ ላይ።