ቀኙ ጎን

ሽማግሌው ሹፌር ፒካፗን ጋራዤ ያመጣት ወደ ቀኝ አጋድላበት ነው።

"ምን ሆና ነው እያለ የሰው አፍ አላስቀምጥ አለኝ። እባክህ የፊቷን ከፍ አርግልኝ" አለ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ድምፁን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሥራው ቀላል ነው። በክሪክ አንስቼ ፊቷን የሚሸከመውን ዘንግ፣ የቶርሽን ባሩን፣ ብሎን አጠበቅኩ፤ ዘንጉ ሲጠመዘዝ አፍንጫዋ ይነሳል። አወረድኳትና እንድትረጋ ወደፊት ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርጌ፣ ከጎማው መሀል ከበላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ለካሁ። ግራው ልክ ነው። ቀኙ ቁጭ ብሏል። ደግሜ አጠበቅኩ፤ ያው ነው።

"ጋሼ፣ በዚህ በኩል ምን ጭነህ ነው?"

"ምንም። ዝም ብለህ ከፍ አርግልኝ።"

ብሎኑ ሊያልቅ ነው። እኔ ደግሞ ብረት ሲያሾፍብኝ አልወድም። ቀኙ ጎማ አጠገብ እንደተንበረከክኩ ቀና ሳልል፣ "ማነህ ጋቢና ያለኸው? ውረድልኝ! ሰው ተቀምጦበት እንዴት ልለካ?" ብዬ ጮህኩ።

"ማንም የለም!" አለ ሽማግሌው ከኋላዬ፣ ደንግጦ።

በሩ አልተከፈተም። ፓራፋንጎው ግን ከጣቶቼ ስር፣ ሰው ሲወርድ እንደሚነሳው ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ከግራውም አልፎ ከፍ አለ።

ሽማግሌው ገፍቶኝ አለፈና የጋቢናውን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

"አላወቀሽም እኮ" አለ ወደ ባዶው ደጅ እያየ። "አንቺን ማለቱ አይደለም። ነይ፣ ግቢ።"

በሩን ይዞ ቆመ። መኪናዋ ከፍ እንዳለች ቀረች።